ፍሬን የሚፈተነው ቁልቁለት ላይ ነው

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው መንገዱን በቀላሉ አይረሳውም። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ደሴ ግን ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚገኙ፣ መንገደኛው አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጦሳ ሥር የደረበውን ጋቢ ቦርከና ዳር ሲደርስ አጥፎ ክንዱ ላይ ያደርገዋል። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ዞን ያሉ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በሠርግና በለቅሶ የተሳሰሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ብርዱና ሙቀቱ፣ ዳገቱና ሜዳው ግን አንድ አይደለም።

ከብዙ ዓመት በፊት ደሴ ውስጥ በአንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የፍሬን ሸራ አስቀይሮ ሒሳቡን ሊከፍል ኪሱን ሲዳብስ፣ ሽማግሌው መካኒክ እጁን ያዘና፣ ‹‹ቆይ፣ ገና አላለቀም›› አለው። ሾፌሩ ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ነድቶ ፍሬኑ እንደያዘ ስላየ ተገረመ። መካኒኩም፣ ‹‹ሜዳ ላይማ ሁሉም ፍሬን ይይዛል። ጭነትህን ይዘህ ቁልቁለቱን ስትጀምር ነው የሚታወቀው። እኔም አብሬህ ጥቂት እወርዳለሁ›› ብሎ ጋቢና ገባ። ሒሳቡ የተከፈለው ሲመለሱ ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ጉዳይ ስለ መኪና አይደለም፤ ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ይሁን እንጂ የዚያን መካኒክ ንግግር ያህል ነገሩን አሳጥሮ የሚያስረዳልኝ አላገኘሁም። የማምንበት ነገር ይህ ነው፦ በተለያዩ ማሽኖች ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሲጠገን፣ ጥገናው ከዋናው ቅጂ ጋር ከመዋሐዱ በፊት ሊኖርባቸው በተፈረደባቸው ማሽኖች ሁሉ ላይ መፈተን አለበት። በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ መሥራቱ ሜዳ ላይ እንደያዘ ፍሬን ነው።

ነገሩ ለባለሙያዎች ብቻ የሚመስለው ካለ ጥቂት ይታገሠኝ። ፕሮግራም ዛሬ በአብዛኛው የሚጻፈው በብዙ እጅ ነው። የሁሉም የጋራ የሆነ አንድ ዋና ቅጂ አለ። ስህተት የተገኘ እንደሆነ አንዱ ሰው ቅጂውን ለብቻው ወስዶ ያርመዋል፤ እርማቱ ከታመነበት በኋላ ከዋናው ጋር ያዋሕደዋል። ከተዋሐደ ወዲያ የእርሱ መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ይሆናል። ዊንዶውስ የጫነውም፣ ሊኑክስ የሚጠቀመውም፣ በኪሱ አንድሮይድ ስልክ የያዘውም ያችኑ እርማት ይቀበላል። ስለዚህ የመዋሐጃዋ ሰዓት እንደ ማኅተም ናት፤ ከእርሷ በፊት ስህተቱ የአንድ ሰው ነው፣ ከእርሷ በኋላ የአገር ነው።

እኛ አማርኛ አንባቢዎች ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ልንረዳው በተገባን ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት በኮምፒውተር አማርኛ ለመጻፍ የሞከረ ሰው ያስታውሳል። ፓወር ግዕዝ ነበረ፤ ቪዡዋል ግዕዝ ነበረ፤ ሌሎችም ነበሩ። እያንዳንዱ ፊደላችንን በራሱ አሠራር በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ደልድሎ ያስቀምጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው በተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ጸሐፊው ምንም አላጠፋም፤ በእርሱ ማሽን ላይ ደብዳቤው ጥሩ አማርኛ ነው። ተቀባዩም ምንም አላጠፋም። ሁለቱን የሚያገናኝ የጋራ ቁጥር ስላልነበረ ብቻ ቃሉ በመንገድ ላይ ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው 3ኛው የዩኒኮድ ደረጃ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሲሰጥ፣ 345 የፊደል፣ የቁጥርና የሥርዓተ ነጥብ ምልክቶች እያንዳንዳቸው በዓለም ሁሉ የሚታወቁበት ቁጥር አገኙ። ታላቅ ቀን ነበር። ቁጥር መሰጠቱ ግን በየማሽኑ ላይ ፊደሉን ለማሳየት አልበቃም። ዊንዶውስ ኤክስፒ የአማርኛ ቅርጸ ፊደል ይዞ አልመጣም ነበርና ሰዎች ፈልገው መጫን ነበረባቸው፤ ኒያላ የተባለው ቅርጸ ፊደል ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይም አማርኛ የባዶ ሣጥኖች ሰልፍ ሆኖ ይታይ ነበር። ‹‹በእኔ ዘንድ ይነበባል›› የሚለው ቃል ለእኛ ምን ያህል ከንቱ እንደ ሆነ በእነዚያ ባዶ ሣጥኖች ተምረናል፤ ወይም ተምረናል ብዬ አስብ ነበር።

ወደ ራሴ ገጠመኝ ልምጣ። በእኛ በወሎ፣ በሌላ ሥፍራ ዕድር የሚባለውን ቅሬ እንለዋለን። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ተሰባስቦ ይቀባበራል፤ ድንኳን ይተክላል፤ ሐዘንተኛውን ‹‹አብሽር›› ይላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደሴና ከኮምቦልቻ የተሰባሰብን ጥቂት ሰዎች የቅሬ መዝገብ የሚይዝ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም በነፃ ማዘጋጀት ጀመርን። ዋናው ክፍል በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሆኖ በፓይተን የተጻፈ ነው፤ ሌላው ክፍል በስልክ የሚከፈት ገጽ ነው። ወርኃዊ መዋጮ፣ የአባላት ዝርዝርና የሐዘን ቀን ይመዘገብበታል፤ ሁሉም በእኛው ዘመን አቆጣጠር።

ችግሩ የተወለደው በጳጉሜ ነው። ጳጉሜ በሦስቱ ዓመታት 5 ቀን፣ በአራተኛው በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን እንደምትሆን ሕፃን ልጅ ያውቃል። የእኛ ፕሮግራም ግን አያውቅም ነበር። የቀኖቹ ዝርዝር ሁልጊዜ 5 ላይ ያበቃ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የመጨረሻ ዕለት፣ ጳጉሜ 6፣ በኮምቦልቻ በአንድ ቅሬ ውስጥ ያሉ አንድ አባት ዐረፉ። የቅሬው ጸሐፊ ስልኩን ከፍቶ ቀኑን ሊመዘግብ ሲል 6ን አጣት። ጥቂት አሰበና ቅርብ የሆነውን መረጠ፤ መስከረም 1 ቀን 2016።

አንድ ቀን ምን አላት? ትሉ ይሆናል። ያ ቅሬ የዓመቱን ሒሳብ በዘመን መለወጫ የሚዘጋ ነው። አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ የአዲሱን ዓመት መግቢያ ያልከፈለ አባል ‹‹ያልተሟላ›› ተብሎ ይመዘገባል። ሟቹ የ2015ን መዋጮ ከፍለው ጨርሰዋል፤ የ2016ን እንዴት ይክፈሉ? አልደረሱበትማ! ፕሮግራሙ ግን በአዲሱ ዓመት እንደ ሞቱ ስለ ተነገረው፣ ባለቤታቸው የቅሬውን ገንዘብ ሊቀበሉ ሲመጡ ስማቸውን በቀይ ቀለም አወጣው። እኚያ እናት በዚያ ሐዘን መካከል ‹‹ባለቤቴ ዕዳ ነበረበት እንዴ?›› ብለው ጠየቁ። የቅሬው ዳኛ የወረቀቱን መዝገብ ገልጠው፣ ‹‹አብሽሪ፣ የሰው ዕዳ አልነበረበትም፤ ይኼ የመኪናው ጥፋት ነው›› አሏቸው። ገንዘቡ በዚያው ዕለት ተሰጠ። ያ ጥያቄ ግን፣ ‹‹ዕዳ ነበረበት እንዴ?›› የሚለው፣ ፕሮግራሙን ከሠራነው ከእኛ ጆሮ አልወጣም።

ስህተቱን ሊያርም ተነሥቶ የሠራው ከመካከላችን በዕድሜ ታናሽ የሆነው ደሴ ያለው ወጣት ነበር። ፈጣንና ትጉህ ነው። በአንድ ሌሊት ጨርሶ በማግሥቱ ጠዋት ደወለልኝ። ‹‹ጋሼ፣ ጳጉሜ 6ን አስገብቻታለሁ። በእኔ ማሽን ላይ ይሠራል። ላዋሕደው?›› አለኝ። እርማቱ ሲያዩት ያማረ ነበር። የወሩ ስም ‹‹ጳጉሜ›› ከሆነና ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 የሚተርፈው ከሆነ፣ ስድስተኛዋን ቀን ጨምር ይላል። የወሩ ስም የተጻፈው በአንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ከዚያ እያነበበ ያነጻጽራል። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ስሌቱ ትክክል ነው። የወጣቱ ማሽን ኡቡንቱ የተጫነበት ሊኑክስ ነው፤ በዚያ ላይ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ቁልጭ ብላ ወጣች።

እውነቱን ለመናገር እኔም ‹‹አዋሕደው›› ልለው ነበር። ሰዎቹ እየጠበቁ ነው፤ ስህተቱ ታውቋል፤ መድኃኒቱም ተገኝቷል። ነገር ግን የዚያ መካኒክ ድምፅ መጣብኝ። ‹‹ኮምቦልቻ ወርደህ ሞክረኸዋል?›› አልኩት።

ወረቀት አወጣንና አምስት ፈተናዎች ጻፍን። አንደኛ፣ በ2014 ዓ.ም. ጳጉሜ 5 መኖር አለባት። ሁለተኛ፣ በዚያው ዓመት ጳጉሜ 6 መኖር የለባትም። ሦስተኛ፣ በ2015 ጳጉሜ 6 መኖር አለባት። አራተኛ፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ከፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ጋር መገጣጠም አለበት። አምስተኛ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 ከጃንዋሪ 7 ቀን 2024 ጋር መግጠም አለበት። ማሽኖቹ ሦስት ናቸው፦ የወጣቱ ኡቡንቱ፣ ኮምቦልቻ ያለው የቅሬው ሒሳብ ያዥ አሮጌ የዊንዶውስ ኮምፒውተርና የጸሐፊው ስልክ። አምስቱን በሦስት ስናበዛ 15 ሙከራ ሆነ። ከዚያም ሚኒባስ ይዘን ወረድን።

ከ15ቱ ሙከራዎች 13ቱ አለፉ። ለተማሪ ቢሆን ግሩም ውጤት ነው። የወደቁት ሁለቱ ግን የትኞቹ ናቸው? በዊንዶውሱ ሦስተኛው፣ በስልኩም ሦስተኛው። በሌላ አነጋገር፣ እርማቱ የተጻፈላት ያች አንዲት ጉዳይ፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2015፣ ሰዎቹ በእውነት በሚጠቀሙባቸው በሁለቱም ማሽኖች ላይ የለችም። ያለፉት 13ቱ አብዛኞቹ ቀድሞውንም ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ብናዋሕደው ኖሮ ‹‹ተስተካክሏል›› የሚል ማስታወሻ ከሥሩ ጽፈን፣ ምንም ሳናስተካክል ወደ ቤታችን እንገባ ነበር። ቀጣዩም ዘመነ ሉቃስ 2019 ስለሆነ፣ ስህተቱ ተስተካክሏል ተብሎ እየታመነ አራት ዓመት ሙሉ ተኝቶ በጠበቀ።

ምክንያቶቹ ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም አማርኛ ለሚጽፍ ሁሉ ትምህርት ስለሆኑ ልዘርዝራቸው። የስልኩ ገጽ የወሮችን ስም የሚወስደው ስልኩ ራሱ ይዞት ከመጣው ዝርዝር ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ አሥራ ሦስተኛዋ ወር ‹‹ጳጉሜን›› ተብላ ነው የተጻፈችው። እኛ ‹‹ጳጉሜ›› እያልን፣ እርሱ ‹‹ጳጉሜን›› እያለ፣ ሁለታችንም ልክ ነን፤ ለሰው አንድ ወር ነው። ለኮምፒውተር ግን አንዲት ‹‹ን›› ከተጨመረች ሌላ ቃል ናት። ስለዚህ ‹‹ስሙ ጳጉሜ ከሆነ›› የሚለው ሁኔታ በስልኩ ላይ ለአንድ ጊዜም ሳይሟላ ቀረ። ኅዳርን ‹‹ህዳር››፣ ታኅሣሥን ‹‹ታህሳስ›› ብሎ የሚጽፍ ሕዝብ ይህን ሊገምት ይገባው ነበር፤ አልገመትንም።

በዊንዶውሱ ላይ ደግሞ የወሩን ስም የያዘችው ትንሽ ፋይል በዩቲኤፍ-8 ነው የተጻፈችው። ኡቡንቱ ማንም ሳይነግረው ፋይልን በዚያ መንገድ ያነባል። በአሮጌው ዊንዶውስ ላይ ግን ፓይተን የአጻጻፉ ዓይነት ካልተነገረው በማሽኑ ልማድ፣ በቀድሞው የላቲን ሰንጠረዥ፣ ያነበዋል። በዚያም ‹‹ጳጉሜ›› ዘጠኝ ምልክት ያለው የላቲን ጉራማይሌ ሆነች። ስህተት ነው ብሎ የጮኸ የለም፤ ፕሮግራሙ አልቆመም፤ ዝም ብሎ ሁለቱን ቃላት አነጻጸረ፣ አልተመሳሰሉም፣ አለፈ። የ1990ዎቹ በሽታችን በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፈጀም። ወርን በስሙ ሳይሆን በተራ ቁጥሩ፣ በ13፣ መለየት፤ ፋይል ሲከፈትም የአጻጻፉን ዓይነት በግልጽ መንገር። 15ቱንም ሙከራዎች እንደገና አደረግን፤ 15ቱም አለፉ። ወጣቱ አስፋልቱ ዳር ባለች ሻይ ቤት ተቀምጦ እርማቱን አዋሐደው። ከጎኑ ሆኖ ይመለከት የነበረው ጸሐፊ፣ ‹‹አሁን ስድስቷ አለች?›› ብሎ ስልኩን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ከፍቶ አየ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚቃወመኝ ሰው ሊያነሣ የሚችለውን አላጣሁትም። አንደኛው፣ ጊዜ ነው። ሕዝብ እየተቸገረ ፈተና ማብዛት ቅንጦት ነው ይባላል። ቅን አስተያየት ነው፤ ግን የተፋጠነ ነገር ሁሉ የፈጠነ አይደለም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ያልተፈተነ እርማት የሚያመጣው ጉዳት ስህተቱ ከመጀመሪያው ጉዳት ይልቅ የሚብሰው፣ ሰው ጥንቃቄውን ስለሚያስጥለው ነው። ስህተት እንዳለ የሚያውቅ ጸሐፊ ወረቀቱን አይጥልም፤ ‹‹ተስተካክሏል›› የተባለ ጸሐፊ ግን ይጥለዋል።

ሁለተኛው፣ አቅም ነው። ሁሉም ማሽን ከየት ይመጣል? መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔት ይዘገያል፤ ለሙከራ ብቻ ስልክ የሚገዛ ማን ነው? ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው፤ አልሸሸውም። ሁሉንም መፈተን አይቻልም። የሚቻለው ግን እናስበው ከነበረው በላይ ነው። እኛ አንድም ዕቃ አልገዛንም፤ ለሚኒባስ ከፈልን፣ ከሰዓት በኋላውን ሰጠን። ማሽኖቹ ተጠቃሚዎቹ እጅ ውስጥ ነበሩ። ፈታኙም ከእነርሱ መካከል የሚገኝ ሰው ነው፤ በአንድ ጣቱ የሚጽፈው ያ ጸሐፊ ከእኛ የተሻለ ፈታኝ ነበር፤ ምክንያቱም እርሱ የሚነካውን ቁልፍ እኛ አንነካም።

ሦስተኛው፣ ‹‹እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ለትልልቆቹ እንጂ ለአንድ ቅሬ መዝገብ አይደለም›› የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነን የትልልቆቹ ታሪክ ራሱ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ የተፈጠረው ችግር ይታወሳል። ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ እስኪዘጋ ድረስ በተቆጠሩ ሰዓታት ውስጥ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የገንዘብ እንቅስቃሴ ተደረገ፤ ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብም ወደ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደ ነበር ተገለጸ። ብሔራዊ ባንክ በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት የተፈጠረ ችግር እንደ ሆነ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ ብዙ ሳምንት ደከመ፤ በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ወጣቶችም በአንዲት ሌሊት ውሳኔ ስማቸው በይፋ እስከ መለጠፍ ደረሰ። የወጣቶቹን ጥፋት አላቃልልም። ጥገና የሚባለው ነገር በአግባቡ ካልተያዘ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ስም እንደሚበላ ለማሳየት ነው ያነሣሁት።

በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 12 ቀን (እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024)፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ድርጅት አንዲት ማሻሻያ ለደንበኞቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ላከ። በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖች ወደቁ፤ በረራዎች ተሰረዙ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ሥራ አቆሙ። ማክና ሊኑክስ ያላቸው አልተነኩም። ድርጅቱ ራሱ በኋላ እንዳስረዳው፣ ማሻሻያው 21 ግብዓቶች ይጠብቅ ነበር፣ በማሽኑ ላይ ያለው ፕሮግራም ግን የሚያቀርበው 20 ብቻ ነበር፤ ቀድሞ የተደረጉት ሙከራዎች ደግሞ ሃያ አንደኛውን ባዶ ያህል ስለተዉት ጉድለቱን አላገኙትም። ማሻሻያውን ድርጅቱ የሳበው በ78 ደቂቃ ውስጥ ነበር፤ የወደቁትን ማሽኖች ግን ብዙዎቹን አንድ በአንድ በሰው እጅ ማንሣት አስፈለገ። እነሆ በሚሊዮን የሚቆጠረው ገንዘብና የተማረው የሰው ኃይል ያለው ሁሉ የወደቀው፣ ያች ሃያ አንደኛዋ ጉዳይ በእውነተኛው ማሽን ላይ ስላልተሞከረች ነው። የእኛም ጳጉሜ 6 ሌላ አይደለችም።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የአባቶቻችን ባሕረ ሐሳብ ነው። ገና በታኅሣሥ 29 ይከበራል፤ ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 አድርጎ ባለፈ ማግሥት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ግን በ28 ይከበራል። በ2016 የሆነው ይኸው ነው። የተጨመረችውን አንዲት ቀን አልረሷትም፤ ያለችበትን ቦታ፣ የምታስከትለውን መዘዝ ቆጥረው በዓሉን አስተካከሉላት። አምስተኛውን ፈተናችንን የወሰድነው ከዚህ ነው። የሚገርመው፣ ከፈረንጆቹ ጋር ያለው የአንድ ቀን ልዩነት የሚቆየው ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ብቻ ነው፤ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ሲመጣ ልዩነቱ ይጠፋል። ስለዚህ ቀን የሚቀይር ፕሮግራምን በሚያዝያ የሞከረ ሰው ስህተቱን ፈጽሞ አያገኘውም፤ ሁሉም ልክ ነው ብሎ ይሄዳል። የትኛውን ቀን መሞከር እንዳለበት ያላወቀ ሰው ሺህ ጊዜ ቢሞክር እንዳልሞከረ ነው።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። በአማርኛ የሚሠራ ፕሮግራም የምትጽፉ ወጣቶች ሆይ፣ እርማታችሁን ከማዋሐዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ እርማት የሚኖርባቸው ማሽኖች የትኞቹ ናቸው? ለመታረም የተነሣው ስህተት በእያንዳንዳቸው ላይ በእርግጥ ጠፍቷል ወይ? ይህን ያረጋገጠውስ ከእኔ ሌላ ማን ነው? ከሁሉም አሮጌውን ስልክ አስቀድሙ፤ አዲሱ ራሱን ይችላል። የሞከራችሁትንና ያልሞከራችሁትን ጻፉ፤ ‹‹በማክ ላይ አልሞከርነውም›› ብሎ በግልጽ የጻፈ ሰው፣ ‹‹በሁሉም ላይ ይሠራል›› ብሎ ከዋሸው ይልቅ ይታመናል።

ለተቋማትም አንድ ቃል አለኝ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ግቢ፣ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። በየዓመቱ ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ ብዙው ከምረቃው ጋር ይረሳል። አዲስ ከመጻፍ ይልቅ በአገሬው እጅ ያለውን መፈተን እንደ ሥራ ቢቆጠርላቸው፣ ደሴ የተጻፈውን የኮምቦልቻው ቢፈትነው፣ ኮምቦልቻ የተጻፈውን የደሴው ቢመረምረው፣ ምን ያህል ስህተት ገና በአፍላው ይያዝ ነበር! መፈተን ከመጻፍ ያነሰ ሙያ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሊቀር ይገባዋል። ያ መካኒክ ፍሬኑን ሲሠራ ካጠፋው ጊዜ ይልቅ ጋቢና ገብቶ የወረደባት ጥቂት ደቂቃ ነው የሾፌሩን ቤተሰብ ያተረፈችው።

ባለፈው ሰሞን ወጣቱ ጓደኛዬ ሌላ እርማት ሠርቶ ደወለልኝ። የአባላትን ስም ሲፈልጉ ‹‹ሐ››ን በ‹‹ሀ›› የጻፈ ሰው እንዲያገኝ የሚያደርግ ነው። ‹‹ጋሼ፣ በእኔ ማሽን ላይ ይሠራል›› አለና ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ሳልጠይቀው፣ ‹‹ቅዳሜ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ ሲሠራ ካየሁ እደውልልሃለሁ›› አለኝ።

ቸር ይግጠመን።